ቆጣሪው እጅ አይቆጥርም፦ ለማሳያ የዋለ ጉልበተኛ መኪና ከመግዛትዎ በፊት

ኅዳር ላይ አንድ ማለዳ፣ ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ ሳይነሣ፣ የአጎቴ ልጅ በሬን አንኳኩቶ ገባና ስልኩን ዘረጋልኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ የእህል ንግድ አለው፤ ያ ዓመት ደግሞ እህሉም ዋጋውም አልከዳውም ነበር። ፎቶው ላይ ወደ መሬት ዝቅ ያለ ነጭ የኤሌክትሪክ መኪና ይታያል። ከሥሩ «ለማሳያ የዋለ፤ 2,900 ኪሎ ሜትር ብቻ የሄደ፤ ከዜሮ እስከ መቶ በ4 ሰከንድ» ተብሎ ተጽፏል። ዋጋው ከአዲሱ በአሥር በመቶ ያነሰ ነው።

«ጋሼ፣ ሦስት ሺህ ያልሞላ መኪና አዲስ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል?» አለኝ። የመጀመሪያውን ሚኒባስ ይዞ አዲስ አበባ ሊገባ ነበር አመጣጡ።

«ቆጣሪው ኪሎ ሜትር ይቆጥራል እንጂ እጅ አይቆጥርም» አልሁትና ሻይ አስጠጣሁት። ሃያ ዓመት ጋራዥ ውስጥ ስለኖርሁ ኮፈን ሳልከፍት ዝም ማለት አይሆንልኝም። ከዚያ ማለዳ ጀምሮ ሁለት ሳምንት ሙሉ ያን መኪና ስንመረምር ያደረግነውን ነው ከዚህ በታች በቅደም ተከተል የምነግርዎ። ከአዲስ አበባ ሻጭ ገዝተው ወደ ሰሜን ሸዋ ለሚያመጡ ሰዎች የተጻፈ ነው፤ የኛ ብርድ፣ ዳገትና ቁልቁለት በሽያጭ አዳራሽ ውስጥ የማይታየውን ያሳያሉና።

መጀመሪያ፦ ማሳያ ሲባል የትኛው ማሳያ?

በአንድ ስም የሚጠሩ ሦስት ዓይነት መኪኖች አሉ። አንደኛው ከአዳራሹ ወለል ተነሥቶ የማያውቅ፣ ሰው በር እየከፈተ የሚቀመጥበት ነው። ሁለተኛው ለገዢዎች የሙከራ መንጃ የተሰጠው ነው። ሦስተኛው የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ወይም ሠራተኛ ለወራት ቤቱ የወሰደው ነው።

በጣም የሚያስፈራው ሁለተኛው ነው። አንድ ቪትዝ ለመሞከር የመጣ ሰው ስለ ነዳጅ ፍጆታና ስለ ወንበሩ ይጠይቃል። ባለ 500 የፈረስ ጉልበት መኪና ለመሞከር የመጣ ሰው ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለው፤ እሱንም በአፉ ሳይሆን በእግሩ ይጠይቃል። ፔዳሉን እስከ ወለሉ ይረግጠዋል፤ ወዲያው ፍሬኑን ይይዛል፤ ወርዶ «ጥሩ ነው፣ አስብበታለሁ» ብሎ ይሄዳል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሌላው ይመጣል። አንዱ ሙከራ ከአሥር ኪሎ ሜትር አይበልጥ ይሆናል፤ ስለዚህ 2,900 ኪሎ ሜትር ማለት ከሁለት መቶ የሚበልጡ የማይተዋወቁ እግሮች ሊሆኑ ይችላሉ። የነዳጅ መኪና ከሆነ ደግሞ ብዙዎቹ የረገጡት ዘይቱ ሳይሞቅ ነው፤ ሞተሩ በመጀመሪያዎቹ አንድ ሺህና አንድ ሺህ አምስት መቶ ኪሎ ሜትሮች በልከኛ ፍጥነት እንዲላመድ አምራቾች የሚመክሩትን የሚያስታውስ ሞካሪ አላየሁም።

ሥራ አስኪያጁ ይዞት የቆየው መኪና፣ 9,000 ኪሎ ሜትር እንኳ ቢሄድ፣ እኔ ከሦስቱ የምመርጠው እሱን ነው። አንድ ሰው ነድቶታል፤ ያ ሰውም ስሙ ይታወቃል። ቆሞ የኖረው ግን በሌላ በኩል ይታመማል፦ ትንሹ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ደጋግሞ ባዶ ይሆናል፣ ጎማው በአንድ ጎን ተኝቶ ይቀራል፣ የወንበሩ ጠርዝ ይፈተጋል። እነዚህ በገንዘብ የሚመለሱ ሕመሞች ናቸው።

ስለዚህ ከቤትዎ ሳይነሡ ስልክ ይደውሉና ይጠይቁ፤ ማን ነበር የሚነዳው? ለሙከራ ሲወጣ የሚመዘገብበት ደብተር አለ? ዋስትናው ከየትኛው ቀን ጀምሮ ነው የሚቆጠረው? ተጋጭቶ ወይም ተቀብቶ ያውቃል? ስንት ቁልፍ አለው? መልሱን ቀኑን ጨምረው ይጻፉት። የአጎቴ ልጅ ሲደውል፣ «አልፎ አልፎ ነው የተሞከረው» አሉት። ደብተሩን በዓይናችን ስናይ «አልፎ አልፎ» ማለት በሳምንት ስድስትና ሰባት ጊዜ ሆኖ አገኘነው። ደብተር መኖሩ ራሱ ግን ለድርጅቱ የሚቆጠርለት ነው፤ ብዙ ቦታ የለም።

ሁለተኛ፦ ነዳጅ ወይስ ኤሌክትሪክ?

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ በማሳያነት የሚሸጠው ፈጣን መኪና አብዛኛው ኤሌክትሪክ ነው። በቱርቦ የሚሠራ የነዳጅ ማሳያ ካገኙ ከክልከላው በፊት የገባ ነው ማለት ስለሆነ፣ ዕድሜውን ከኪሎ ሜትሩ በፊት ይዩት።

ከፍታውን አይርሱ። ደብረ ብርሃን ወደ 2,840 ሜትር ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሰባ በመቶ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። በወረቀት ላይ 300 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ እጅዎ ሲገባ ወደ 220 ይወርዳል፤ ዋጋውን ግን የሚከፍሉት ለ300ው ነው። ቱርቦ ያለው የሣሣውን አየር ይበልጥ እየጨመቀ ጉድለቱን በአመዛኙ ይሞላል፤ ለዚያ ሲል ግን በበለጠ ፍጥነት ይሽከረከራል፣ የበለጠ ይሞቃል። ስለዚህ ቱርቦ ባለው ማሳያ ላይ የአየር ቧንቧዎቹን መጋጠሚያ፣ የዘይት ላብና ሲረገጥ የሚወጣውን ሰማያዊ ጭስ በጥንቃቄ ይመልከቱ። የነዳጁንም ጥራት ያስቡ፤ ብዙ ጉልበተኛ ሞተሮች ኦክታኑ 95 ወይም 98 የሆነ ቤንዚን ይጠይቃሉ፣ ማደያዎቻችን ላይ የተጻፈው ግን «ቤንዚን» ብቻ ነው። የነዳጅ መክደኛውን ከፍተው በውስጡ የተለጠፈውን ያንብቡ።

የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ ከፍታው አያሳስበውም። ቆላው ሸዋ ሮቢት ላይ ያለው ጉልበት ደጋው ጣርማ በር ላይም አለ። በዚህ በኩል ለአገራችን የተሠራ ይመስላል፤ ችግሩ ብርዱ ላይ ነው፣ እደርስበታለሁ።

ሦስተኛ፦ ወረቀቱ ከመኪናው ይቀድማል

አሥራ ሰባት ፊደልና አኃዝ ያለውን የሻንሲ ቁጥር በመስተዋቱ ሥር፣ በበሩ ምሰሶና በሊብሬው ላይ ያስተያዩ። መኪናው እስካሁን በተላላፊ ሰሌዳ ሲንቀሳቀስ ከነበረ የራሱ ሊብሬ ላይኖረው ይችላል፤ እንዲያ ከሆነ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን ዋና ቅጂ ይጠይቁ። ቀረጡ ተከፍሏል? በድርጅቱ ስም ከባንክ ብድር ተወስዶበታል? ዕገዳ አለበት? ይህን ከሻጩ አፍ ሳይሆን ከመዝጋቢው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ያጣሩ። የሚሸጥልዎ ሰው የድርጅቱ ውክልና እንዳለውም ይዩ፤ የሽያጭ ሠራተኛ መሆንና ለመሸጥ መፈረም መቻል የተለያዩ ናቸው።

የኤሌክትሪክ መኪና ከሆነ ለየትኛው አገር ገበያ እንደተሠራ ይወቁ። ለቻይና ገበያ ተሠርቶ በሌላ ነጋዴ በኩል የገባ መኪና የቻይናውን ጂቢ/ቲ የቻርጅ መሰኪያ ይዞ ይመጣል፤ የክሩስኮቱ ጽሑፍ ቻይንኛ ሊሆን ይችላል፤ የአምራቹም ዋስትና አብሮት ላይመጣ ይችላል። ይህ ብቻውን አትግዙ አያሰኝም፤ ዋስትና ሰጪው ማን እንደሆነ ግን ይለውጣል። አምራቾች ለባትሪ ብዙ ጊዜ 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር ይሰጣሉ፤ ያ ተስፋ እርስዎ እጅ መድረሱን በጽሑፍ ይጠይቁ።

አራተኛ፦ ጎማና ፍሬን ይናገራሉ

ከመኪናው ክፍሎች ሁሉ የማይዋሹት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ቀለም ይወለወላል፣ ሞተር ይታጠባል፣ ወንበር ይለበጣል። ጎማውን ግን የረገጠው እግር ይጽፍበታል።

የጥርሱን ጥልቀት በሚሊ ሜትር ይለኩ። አዲስ ጎማ 7 ወይም 8 ሚሊ ሜትር አለው፤ በልክ የተነዳ መኪና በ3,000 ኪሎ ሜትር ብዙ አይበላም። እኛ ስንለካ የፊቱ 6፣ የኋላው 4 ሆኖ ተገኘ። ያ መኪና ዋናው ጉልበቱ ከኋላ ነው፤ ልዩነቱ ምን ያህል ጊዜ ከቆመበት ተፈናጥሮ እንደተነሣ ይነግራል። የጎማውን ውስጠኛ ጠርዝም በእጅዎ ይዳስሱ፤ ከውጭ ደህና ሆኖ ከውስጥ ከተላጨ የአቅጣጫ ልኩ ተዛብቷል ወይም ጉድጓድ መትቶታል። በጎማው ጎን «ዶት» ከሚለው ምልክት በኋላ ያሉት የመጨረሻ አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ያመለክታሉ፤ 2323 ማለት የ2023 ሃያ ሦስተኛው ሳምንት ነው። ሦስቱ ጎማዎች እኩያ ሆነው አራተኛው ከነሱ ካነሰ፣ ያ ጥግ ምን ደርሶበት ነው ብለው ይጠይቁ። ቸርኬውን ይዩ፤ የዳርቻው ጭረት ከእግረኛ መንገድ ድንጋይ ጋር የተደረገ ጭቅጭቅ ነው።

ቀጥሎ ዲስኩ። አነስተኛው የተፈቀደ ውፍረት በዲስኩ ጠርዝ ላይ ተቀርጿል፤ በካሊፐር ለክተው ያስተያዩት። ሰማያዊ ነጠብጣብ ካዩ በጣም ሞቆ ነበር ማለት ነው። የፍሬን ሸራው ከግማሽ በታች ከሆነ፣ በ2,900 ኪሎ ሜትር ይህ ያስደነግጣል፤ በተለይ ኤሌክትሪክ መኪና ፍሬኑን አብዛኛውን ጊዜ በሞተሩ ስለሚይዝ ሸራው ለዓመታት መቆየት ነበረበት።

የቀለሙን ውፍረት የሚለካ መሣሪያ ከጋራዥ ይዋሱ። የፋብሪካ ቀለም ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 180 ማይክሮን ነው፤ አንድ በር ብቻ 300 ካነበበ ከሥሩ ስቱኮ አለ። ፓራውልቱ ፕላስቲክ ስለሆነ መሣሪያው አያነበውም፤ እሱን ከሥር ተንበርክከው ይዩት። ዝቅ ያለ መኪና መጀመሪያ የሚላጨው እዚያ ነው።

እግረ መንገድዎን ከመሬት ያለውን ከፍታ በሜትር ይለኩ፤ ከዚያ ቤትዎ ሄደው የግቢዎን መግቢያ ይለኩ። የአጎቴ ልጅ በር ላይ የውኃ መውረጃ ቦይ አለ። አሥራ ሁለት ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው መኪና እዚያ ሲገባ ሆዱን እንደሚያሽ አላሰበውም ነበር። በኋላ ሁለት ኩንታል ሲሚንቶ ፈጀበት።

አምስተኛ፦ የመኪናውን ትዝታ ማንበብ

ዘመናዊ መኪና ያየውን ይመዘግባል። አንዳንድ ፖርሼዎች ሞተሩ ከልኩ በላይ ስንት ጊዜ እንደተሽከረከረ በስድስት ደረጃ ከፋፍለው ያስቀምጣሉ። እዚህ የሚገኘው መኪና ያን ያህል ባይናዘዝም የተመዘገቡ የብልሽት ኮዶችን መመርመሪያ ያለው ጋራዥ ያነብልዎታል። በኮምፒውተር ይመርመርልኝ ሲሉ ሻጩ ቢያንገራግር የመጡበትን መንገድ ይዘው ይመለሱ።

በኤሌክትሪክ መኪና ላይ የሚፈለገው የባትሪው ጤንነት ነው። በመቶኛ ይነበባል፤ ይህን ያህል ጥቂት የሄደ መኪና ከመቶ ብዙ መራቅ የለበትም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ይጠንቀቁ፤ በብረት ፎስፌት የተሠራ ባትሪ (ብዙዎቹ የቢዋይዲ መኪኖች የሚይዙት ዓይነት) ለረጅም ጊዜ እስከ መቶ ካልተሞላ ስሌቱ ይዛባና ከእውነቱ ያነሰ ወይም የበለጠ ያነብባል። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ አስሞልተው፣ አሳርፈው፣ እንደገና ያስነብቡ። እኛ መጀመሪያ 94 አየን፤ በማግስቱ ከሞላ በኋላ 98 ሆነ። የመጀመሪያውን ቁጥር ይዘን ብንመለስ ኖሮ መኪናውን በሐሰት እንከሰው ነበር። በኒኬልና በኮባልት የተሠራው ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ አዳራሽ ውስጥ ለወራት መቶ ላይ ቆሞ ከኖረ ያ ራሱ ያስረጀዋል።

ማሳያ በመሆኑ ብቻ የሚመጣ ሌላ ጣጣ አለ። መኪናው በስልክ መተግበሪያ የሚቆለፍና የሚከፈት ከሆነ የተመዘገበው በድርጅቱ ወይም በአንድ ሠራተኛ ስም ነው። ያ ካልተሰረዘ መኪናዎ ደብረ ብርሃን ቆሞ አዲስ አበባ ያለ ሰው በሩን ሊከፍት፣ የት እንዳለም ሊያይ ይችላል። ምዝገባው ከነሱ ወጥቶ ወደ እርስዎ ሲዛወር እዚያው ቆመው ይዩ።

ስድስተኛ፦ ጣርማ በር ፈራጁ

ሻጩ የሚያሳየው የሙከራ መንገድ ሜዳና አጭር ነው። እርስዎ የሚፈልጉት ዳገትና ቁልቁለት ነው። ከተቻለ የአንድ ቀን ስምምነት ተፈራርመው፣ የነሱን ሹፌር ጨምረው፣ በሰንዳፋ፣ በሸኖና በጫጫ አድርገው እስከ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም በጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት ይውረዱ። ሻጩ ያን ያህል ካልፈቀደ እንጦጦ ወጥቶ መውረድ ግማሹን ይተካል። በእኛ መንገድ ከመውጣትዎ በፊት የዕለቱን ሰላም መጠየቅ የታወቀ ነው።

ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር አካባቢ። በአንድ ጉዞ ከደጋ ጉም ወደ ቆላ ሙቀት መውረድ ማለት ነው። ለኤሌክትሪክ መኪና ይህ ቁልቁለት ስጦታም ወጥመድም ነው። ሲወርድ ሞተሩ ወደ ማመንጫነት ተለውጦ ባትሪውን ይሞላል፤ ባትሪው ቀድሞውኑ ሙሉ ከሆነ ግን የሚቀበልበት ቦታ ስለሌለው ያ ፍሬን ይቀርና ሸክሙ ሁሉ ዲስኩ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ቁልቁለቱን የሚጀምሩት ከ85 በመቶ በታች ሆነው ነው።

ጣሊያኖች የሠሩትን ዋሻ እንዳለፉ ሬዲዮኑን ያጥፉ። መስኮቱን ትንሽ ይክፈቱ። በየመጠምዘዣው መሪው ጥግ ሲደርስ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ካለ የፊት ክሮሱ (ጉልበቱን ወደ ጎማው የሚያስተላልፈው መጋጠሚያ) ተጎድቷል፤ ያ ደጋግሞ በኃይል የተነሣ መኪና ሕመም ነው። ከኋላዎ ከባድ መኪና በሌለበት ቀጥ ያለ ቦታ ላይ ፍጥነቱ በሰዓት ከ80 ወደ 40 ኪሎ ሜትር እስኪወርድ ፍሬኑን ጠበቅ አድርገው ይያዙ። መሪው ከተንቀጠቀጠ ዲስኩ ጠምዟል፤ ፔዳሉ ከለሰለሰ የፍሬን ዘይቱ ውኃ ጠጥቷል ወይም ፈልቷል። እኛ ይህን ስናደርግ መሪው እጄ ላይ እንደ ወንፊት ተርገፈገፈ። ሹፌሩ ወደ መስኮት ዞሮ ተራራውን አየ።

ደብረ ሲና ላይ ቆመው ቆሎ ይግዙና፣ ሳይነኩ፣ መዳፍዎን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ ጠጋ ያድርጉ። ከአራቱ አንዱ ብቻ እንደ ምጣድ ከጋለ ፍሬኑ ተጣብቋል። ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ ማቀዝቀዣውን እስከ መጨረሻው ከፍተው አሥር ደቂቃ ይቁሙ፤ ከደብረ ብርሃን ብርድ ውስጥ ሆኖ የማቀዝቀዣ ሕመም አይታወቅም።

መመለሻው ደግሞ የጉልበት ፈተና ነው። ሁለት ቶን ከሁለት መቶ ኪሎ የሚመዝን መኪና ያን ሁሉ ከፍታ ለመውጣት ብቻ፣ ርቀቱ ሳይቆጠር፣ ወደ 12 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ 82.5 ኪሎዋት ሰዓት ካለው ባትሪ ሰባተኛው ማለት ነው። ሲነሡ መቶኛውን ይጻፉ፣ ጣርማ በር ሲደርሱ ይጻፉ። በዳገቱ መሐል ጉልበቱን ራሱ ከቀነሰ ወይም የሙቀት ማስጠንቀቂያ ካበራ፣ የማቀዝቀዣው ሥርዓት ችግር አለበት።

(የጎማ ነገር ካነሣሁ አይቀር፦ ሸዋ ሮቢት በሙቀት ነፍተው ደብረ ብርሃን ሲደርሱ ብርዱ ሁለት ፒኤስአይ ያህል ይቀንስበታል፤ የሣሣው አየር ደግሞ ያንኑ ያህል በመለኪያው ላይ ይጨምራል። ጎሚስታው «ምንም አልጎደለም» ሲልዎ አይከራከሩት።)

ሰባተኛ፦ ቤትዎ ይችለዋል?

ማታውን ደብረ ብርሃን አሳድረው ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይንዱት። ለፈጣን መኪና የሚገጠመው የበጋ ጎማ ከሰባት ዲግሪ በታች ይደርቃል፤ የእኛ ታኅሣሥ ማለዳ ደግሞ ከዚያ በጣም ይወርዳል። በዚያ ላይ የኤሌክትሪክ ሞተር ሙሉ ጉልበቱን በቅጽበት ይለቃል፤ በእርጥብ ኮብልስቶን ላይ ጅራቱ ሲወዛወዝ የሚያየው ጋሪ ነጂ ብቻ ቢሆን መልካም ነበር፤ የመንዝ በጎችም መንገዱ ላይ አሉ። ባትሪውም በብርድ ቀስ ብሎ ይሞላል።

ተራ የቤት መሰኪያ 2 ኪሎዋት አካባቢ ይሰጣል፤ 82.5 ኪሎዋት ሰዓቱን ለመሙላት ከአንድ ቀን ተኩል በላይ ነው፣ መብራት ካልጠፋ። 7 ኪሎዋት የሚሰጥ ቻርጀር በአንድ ሌሊት ይጨርሰዋል፤ ለዚያ ግን የቆጣሪዎንና የመስመርዎን አቅም ባለሙያ ያይልዎ። መኪናው ቢቆም ጋራዡ 130 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ ነው፤ ኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ጎማው እየተሽከረከረ አይጎተትም፣ የሚጫንበት መኪና ይፈልጋል። ለዚህ ምልልስ የሚከፈለውን ይወቁ።

ስምንተኛ፦ ቅናሹን መመንዘር

የአጎቴን ልጅ ወረቀት አስይዤ ያስጻፍሁትን እነሆ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ናቸው፤ የራስዎን ይተኩ።

የአዲሱ ዋጋ 6,000,000 ብር፣ የማሳያው 5,400,000። ልዩነት 600,000። ከዚህ ላይ አራት ጎማ 160,000፣ የፊት ዲስክና ሸራ 80,000 ይቀነስ። የሦስት ዓመቱ ዋስትና አሥራ አራት ወሩ አልፏል፤ ለአንድ ዓመት ዋስትና ምን ያህል ትከፍል ነበር ብዬ ስጠይቀው መቶ ሺህ ያህል አለኝ፤ እንግዲህ 120,000 እንበል። መልሶ ሲሸጠው ገዢው የሚያየው የተሠራበትን ዓመት ስለሆነ ሌላ 150,000። ድምሩ 510,000። የተረፈው ቅናሽ 90,000 ብር፣ ከአዲሱ ዋጋ አንድ ተኩል በመቶ።

«ለዘጠና ሺህ ብር ነው እንዴ የሁለት መቶ ሰው እግር የምገዛው?» አለ። እኔ ለራሴ የያዝሁት ልክ፣ እንዲህ ተቀናንሶ የሚቀረው ከአዲሱ ዋጋ አምስት በመቶ ካልሞላ አዲሱን መግዛት ወይም መተው ነው። ሙሉ የመድን ሽፋን ሲጠይቁም የመኪናውን ግምት በየትኛው ዋጋ እንደሚይዙልዎ ይስሙ።

ዘጠነኛ፦ ድርድርና ውል

በእጅዎ ያለው የልኬት ወረቀት ከልመና ይሻላል። «ትንሽ ቀንሱልን» ከሚሉ «የኋላው ጎማ 4 ሚሊ ሜትር ነው፣ የፊት ዲስኩ ጠምዟል፣ ዋስትናው አሥራ አራት ወር አልፎታል» ይበሉ። ከገንዘብ ቅናሽ ይልቅ ዕቃ መቀየርን ሻጭ በቀላሉ ይቀበላል፤ እሱ ጎማውን የሚያገኘው በሌላ ዋጋ ነውና። የዘመን መለወጫ ወይም የሒሳብ መዝጊያ ሲቃረብ፣ ወይም አዲሱ ሞዴል ሲመጣ፣ ማሳያውን ከአዳራሹ ለማውጣት ይቸኩላሉ።

ውሉ ላይ የሻንሲ ቁጥሩ፣ በዕለቱ ያለው ኪሎ ሜትር፣ ለማሳያና ለሙከራ መዋሉ፣ ዋስትናው የሚጀምርበት ቀን፣ የሚቀየሩት ዕቃዎች፣ የቁልፎቹና የቻርጅ ገመዱ ብዛት፣ የመተግበሪያው ምዝገባ መዛወር ይጻፉ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጩን ለተደበቀ ጉድለት ተጠያቂ ያደርገዋል፤ ገዢውም መርምሮ ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ እንዲያሳውቅ ይፈልጋል። እያወቁ ለገዙት ጉድለት ግን ሻጩ አይጠየቅም፤ ስለዚህ ያዩትን ጉድለት «ሻጩ ያስተካክላል» ከሚል ቃልና ከቀን ጋር ያጽፉት። ትክክለኛው ዋጋ ይጻፍ፣ ደረሰኝ ይቆረጥ፣ ውሉ በሚመለከተው መሥሪያ ቤት ይረጋገጥ። የመጨረሻውን ክፍያ የሚፈጽሙት ጎማው ተቀይሮ ሲያዩ ነው።

ከሦስት ጊዜ ምልልስ በኋላ ሻጩ አራቱን ጎማ፣ የፊት ዲስኩንና ሸራውን ቀየረ፤ ዋስትናውንም ከሽያጩ ቀን ጀምሮ በራሱ ማኅተም ጻፈ። ሒሳቡ ተመልሶ ሲሠራ ቅናሹ 450,000 ብር ሆነ፣ ሰባት ተኩል በመቶ። የአጎቴ ልጅ ገዛ። ጎማውን ሲያስቀይር የበጋውን ትቶ ለብርድም ለዝናብም የሚሆነውን አስገጠመ፤ ከዜሮ እስከ መቶ ሁለት አሥረኛ ሰከንድ ቢያጣ ማንም ደብረ ብርሃን ላይ እንደማይለካው ነግሬዋለሁ።

አሁን በየአሥራ አምስት ቀኑ ሸዋ ሮቢት ይወርዳል። ማታውን ቻርጁን 85 ላይ ያቆመዋል፣ ሲመለስ ማንጎ ይዞልኝ ይመጣል። «ስፖርት» የሚለውን ቁልፍ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት አይነካም።